ለጉልበት የሚሆን ቅጠል

ኦክቶበር 2

«ዘንድሮ ጋንጃን የሚቃወም ፖለቲከኛ፣ ድምፅ ቀርቶ የጎረቤት ሰላምታም አያገኝም» ስትል ሰማኋት ሚስ ፔትሮናን፣ ከሱቋ ባንኮኒ ኋላ ቆማ በጨው የደረቀ ዓሣ እየመዘነች። የምትናገረው ለእኔ አልነበረም። ነገር ግን የምክር ቤት አባላችን የክቡር ብሬስዌል የምርጫ አስተባባሪ እሷ ስለሆነች፣ ቃሏን እንደ አየር ትንበያ ተቀበልኩት። ቤት ገብቼ ለኢኔዝ «አገሩ ተለውጧል» አልኳት።

«ጉልበቴ ግን ያው ነው» አለችኝ።

ዝናቡ ከገባ ወዲህ ሚስቴ ደረጃ የምትወጣው እያቃሰተች ነው። አልጋው ሥር ያለው መታሻ ጠርሙስ አልቋል። መታሻ የምንለው ነጭ ረም በሚባለው የሸንኮራ አረቄ ውስጥ የተዘፈዘፈ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ስም አለው፤ በክርስቲያን ቤት ግን አይጠራም። አያቶቻችን ታሽተውበታል፣ እኛም እንታሻለን። ጋንጃ የሚባለው ሌላ ነገር ነው፤ ሌሎች ሰዎች የሚያጨሱት።

ከሰዓት ዴንዚል እንደ ሐሙስ ልማዱ ከእናቱ ማሳ ስኳር ድንች ይዞልን መጣ። ከፊደል ጀምሮ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ዛሬ በራችንን ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ግንበኛ ሆኗል። የእርሻ ሥራ ካርዱን አሳየኝ። ክቡር ብሬስዌል ለዚህ ተራራ ከሰጧቸው ጥቂት ካርዶች አንዱ የደረሰው እሱ ነው። በጸደይ ካናዳ ሄዶ ትምባሆ ይለቅማል። መንግሥታት የትኛው ቅጠል ኃጢአት እንደሆነ ተነጋግረው ቢያሳውቁን መልካም ነበር።

«የፖሊስ መዝገቤ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ነው አሉኝ፣ ቲቸር።»

«አንተ ደግሞ ምን መዝገብ አለህ? ፈተና እንኳ አትኮርጅም ነበር።»

«እኮርጅ ነበር፤ እርስዎ አላዩኝም እንጂ።»

ተሳሳቅን። ሲወጣ፣ የኢኔዝ ጉልበት እንደባሰባት ነገርኩት። ሌላ ምንም አላልኩም።

ኦክቶበር 9

በችኮላ። ድልድዩ ጋ ፖሊስ ታክሲ እያስቆመ ሲፈትሽ ውሏል። ዴንዚልን ይዘውታል። ስኳር ድንቹን መንገድ ላይ ዘርግፈው፣ ከሥሩ በጋዜጣ የተጠቀለለች ነገር አገኙ። እፍኝ አትሞላም አሉ። ወደ እኛ ቤት እየመጣ ነበር።

ማለት፣ የእኛ ቤት ባለበት አቅጣጫ።

ኦክቶበር 10

በዋስ ለቀውታል። ችሎቱ የዛሬ ሁለት ሳምንት ግድም፣ ሳቭ ከተማ ነው። እናቱ ሚስ ቪዳ መጣች፤ ወንበር ብሰጣት አልቀመጥ አለች።

«ቲቸር፣ ልጄ አያጨስም።»

«አውቃለሁ፣ ሚስ ቪዳ።»

«በአስም ነው ያደገው። ክፍል ውስጥ ሲወድቅ በጀርባዎ አዝለው ያመጡልኝ እርስዎ ነዎት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለማን ነው ስለው፣ ‹ተይው እማዬ› ይለኛል እንጂ ትንፍሽ አይል። ጠበቃው አንድ የተከበረ ሰው ቆሞ ቢመሰክርለት፣ ዳኛዋ መክረው ሊለቁት ይችላሉ አለ። ከተፈረደበት ግን ካናዳ ቀረች። ይመጡልናል?»

«እመጣለሁ» አልኩ። ድምፄ እንደ ትምህርት ቤት ደወል ጥርት ያለ ነበር። እኔ ራሴ አመንኩት።

ኢኔዝ ጓዳ ሆና ሰምታለች። «ለማን እንደነበር ነገርካት?»

«አልጠየቀችኝም።»

«ጠየቀችህ እንጂ ላሴልስ። አንተ ነህ ‹አውቃለሁ፣ አውቃለሁ› እያልክ የሸኘሃት።»

ጋዜጣ ማንበብ እወዳለሁ። ያንን ከስኳር ድንቹ ሥር የሚመጣውን ጋዜጣ ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ገልጬ አላውቅም። ኢኔዝ ናት የምትገልጠው። ይህን የምጽፈው ለትክክለኛነት ያህል ነው።

ኦክቶበር 13

የዲያቆናት ስብሰባ። አጀንዳው አንድ ነው፤ ምክር ቤቱ ጋንጃን ሊፈቅድ ነው የሚባለውን ወሬ ቤተ ክርስቲያናችን እንዴት ትቃወመው።

ፓስተር ታሎክ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ተናገሩ። እኚህ ሰው ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሁላችንም ወደፊት ተሳብን። ስምንት ዲያቆናት፣ አሥራ ስድስት ጉልበት። ዝናባማ ቀን ስለነበር መስኮቱ ተዘግቷል። ወደፊት ስንሳብ ክፍሉን የሞላውን ሽታ ማንም አላነሣውም፤ ሁሉም ከየቤቱ ታሽቶ ነው የመጣው። ዲያቆን ክላክስተን ብቻ «ይህ መርዝ ወደ ቤታችን እንዳይገባ!» ብሎ ጉልበቱን በቡጢ መታ፤ የመታው ጉልበት ደግሞ የሚያመውን ነበር።

«ብሬስዌልና ጓደኞቹ ድምፅ ሸቷቸዋል» አሉ ፓስተሩ። «ትናንት ሲያሳስሩን፣ ዛሬ ሊሸጡልን። በዚህ ጉዳይ ላይ እዚህም እዚያም የሚረግጥ ዲያቆን፣ በዚህ ጠረጴዛ ቦታ የለውም።»

ሲናገሩ የሚያዩት የጣሪያውን ማራገቢያ ነበር። እኔ ግን ማራገቢያው ሥር ነው የተቀመጥኩት።

«የአቋም መግለጫውን ዲያቆን ፒኖክ ይጻፉልን። ከእሳቸው የተሻለ ብዕር የለንም።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። ስለ ብዕሬ ሲነገር ራሴን የመነቅነቅ የቆየ ልማድ አለኝ።

ስንወጣ ፓስተሩ ደረጃው ላይ ያዙኝ።

«የዴንዚልን ነገር ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እና?»

«ያሳዝናል» አልኩ።

ቆሙ። የምጨምረው ያለ መስሏቸው መሆን አለበት፤ ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ «እግዚአብሔር ለእህት ኢኔዝ ጉልበት ይድረስላት» ብለው ጃንጥላቸውን ዘረጉ።

ስለ ጉልበቷ ለምን አነሡ? መንገዱን ሙሉ ሳስበው መጣሁ። ማስፈራሪያ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል።

ኦክቶበር 17

ሁለት ነገር ጻፍኩ። አንዱ የቤተ ክርስቲያኑ መግለጫ ነው። «መቅሠፍት» የሚለውን ቃል ሦስት ቦታ አስገብቼ ሁለቱን አወጣሁ፤ ለጽሑፉ ውበት ስል። ሁለተኛው ችሎት ፊት ስለ ዴንዚል የምናገረው ነው። በዚያው ቀለም፣ በዚያው ጠረጴዛ።

የመጀመሪያው የተሻለ ወጣልኝ። እምነት የሌለኝ ነገር ላይ ዓረፍተ ነገሬ ሁልጊዜ ይሳካል።

ኦክቶበር 19፣ እሑድ

መግለጫውን ከመድረክ ላይ አነበብኩ። «አሜን» በየቦታው። ሚስ ቪዳ አራተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፤ ከመዝሙሩ አንድ ስንኝ አልዘለለችም። ስወጣ እጄን ጨብጣ «ጥሩ አነበቡ ቲቸር፣ ሐሙስ እንገናኝ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው ሲያምነኝ ያልበኛል።

ኢኔዝ ከቤት አልወጣችም። ጉልበት።

ኦክቶበር 22

ነገ ነው።

ጉዳዩን በእርጋታ ልመርምረው። እኔ የሰላም ዳኛ ነኝ። ይህ ሹመት ዳኝነትም ሰላምም የለበትም፤ የሰው ፊርማ እውነተኛ ነው ብሎ ማኅተም መምታት ብቻ ነው። ሆኖም መንደሩ ውስጥ «እውነት ነው» የማለት ሥልጣን ያለኝ እኔ ነኝ። ነገ ቆሜ «ይህ ሰው አያጨስም» ስል፣ ዳኛዋ «ታዲያ ቅጠሉ የማን ነበር?» ይሉኛል። ከዚያስ? በመሐላ ነው የምቆመው። እውነቱን ብናገር ማኅተሜን ይወስዱታል። ፓስተሩ ከጠረጴዛው ያነሡኛል፤ በግልጽ ተናግረዋል እኮ። የኢኔዝ ስም ሳቭ ከተማ ድረስ የታክሲ ወሬ ይሆናል። ብዋሽ ደግሞ መዋሸት ነው። ስለዚህ ሕሊናዬ የሚፈቅደው አለመሄድ ብቻ ይመስላል። ሕሊናዬ እንዲህ ምቹ መሆኑን ከዚህ በፊት አላስተዋልኩም።

ለዴንዚልስ ምን ያህል እጠቅመዋለሁ? ጠበቃ አለው። ወጣት ነው። ዳኛዋ ሩኅሩኅ ናቸው ይባላል።

ኢኔዝ ችሎቱ መቼ ነው ብላኝ ነበር። የሚቀጥለው ሐሙስ አልኳት። ተሳስቼ ይሆናል።

ኦክቶበር 23

መኪናዋ አልተነሣችም።

ማለት፣ አላስነሣኋትም።

ኦክቶበር 24

ሱቅ ሄድኩ፤ ምንም የምገዛው አልነበረም። ሚስ ፔትሮና ሳልጠይቃት ነገረችኝ። እሷም ከታክሲ ሹፌሩ ነው የሰማችው።

«ዳኛዋ ‹ለማን ነው?› ሲሉት፣ ‹ለራሴ ነው› አላለም መሰልዎት! ያ አስም ያለበት፣ የሻማ ጭስ የማይችል! ቀጡት፤ ስሙም ፖሊስ መዝገብ ገባ። በቃ፣ ካናዳ ቀረችበት። ክቡርነታቸው ካርዱን ለሌላ ይሰጡታል፤ ምን ያድርጉ፣ ሕግ ሕግ ነው።» ክብሪት ወደ እኔ ገፋች። «ደግሞ ሕጉ ሊቀየር ሲል ተይዞ! ያላደለው፣ ዓሣ ሊጠበስ ሲል ጋዝ ያልቅበታል።»

ክብሪቱን ገዛሁ። ቤት ክብሪት ሞልቷል።

ሚስ ቪዳን ልጠይቃት አሰብኩ፤ ማን ቆመለት፣ ምን ተባለ። ምን ብዬ እጠይቃለሁ? መንገዱን በላይ በኩል ዞሬ ተመለስኩ።

ኦክቶበር 30

ይህን መጻፍ አልፈልግም።

ጠዋት ከጓሮ ስመለስ ኢኔዝ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ሰማያዊ የቀብር ቀሚሷን ለብሳ፣ ኮፍያዋን በመርፌ አስይዛ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። ያንን ደረጃ ብቻዋን ነው የወረደችው። እንዴት እንደወረደች አላውቅም።

«በል ተነሥ፣ ሐሙስ ነው» አለችኝ። «መኪናዋን አውጣ። እኔም እሄዳለሁ።»

የጫማዬን ጭቃ ደረጃው ላይ መጥረግ ጀመርኩ።

«ላሴልስ?»

«ያለፈው ሐሙስ ነበር» አልኩ።

የኮፍያዋን መርፌ ቀስ ብላ መዘዘች። ኮፍያዋን አወለቀች፤ የሌለበትን አቧራ አራገፈችለት።

«እኔ እመሰክር ነበር» አለች። «ጉልበቱ የእኔ ነው።»

«ቀኑን ተሳስቼ ነው።»

«ዕድሜህን ሙሉ ደወል ስትደውል የኖርክ ሰውዬ» አለች።

ከዚያ ወዲህ የምታናግረኝ ስለ ምግብ ብቻ ነው።

ኖቬምበር 6

ዴንዚል መጣ። እንደ ልማዱ፣ ሐሙስ፣ ከረጢቱን ይዞ።

«ዛሬ ስኳር ድንች ብቻ ነው፣ ቲቸር» አለኝ ፈገግ ብሎ። ጨካኝ ቢሆን ኖሮ መልስ አላጣለትም ነበር። ጨካኝ አይደለም።

«ያን ዕለት መኪናዋ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ያቺ መኪና ድሮም ዝናብ አትወድም» ብሎ ጨረሰልኝ።

እንዲህ ያለ ምሕረት ሰውን በቁሙ ይቀብረዋል። ከዚያ ደረጃችንን አየና ሄዶ የብረት ቱቦ አምጥቶ መደገፊያ ተከለልን፤ «ለሚስ ኢኔዝ» ብሎ። ሲሚንቶ እያቦካ ሳለ ውኃ አቀበልኩት። ማመስገኑን ግን ኢኔዝ ነች ያመሰገነችው፤ ግንባሩን ስማ። እኔ ሲሚንቶው ስንት ቀን ይፈልጋል ብዬ ጠየቅኩ።

ኖቬምበር 20

የዲያቆን ክላክስተን ሚስት ሙሉ ጠርሙስ መታሻ ላከችልን፤ የወንጌል ጥቅስ በተጠለፈበት ጨርቅ ተሸፍኖ። ኢኔዝ ወስዳ አበባው ሥር ደፋችው። ግቢያችን እንደ መጠጥ ቤት ሸተተ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሄደችው በሁለት ከዘራ ነው። መንገዱን ሙሉ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ሰው ሁሉ «ምነው መድኃኒት አትታሺም?» ይላታል። «ባሌ መግለጫ አውጥቶበታል» ትላለች።

ዲሴምበር 12

ሚስ ፔትሮና ራሷ ቤቴ ድረስ መጣች፤ ሶረል የሚባለውን ቀይ የገና መጠጥ በጠርሙስ ይዛ። ይህች ሴት ምንም ነገር በነጻ አምጥታ ስለማታውቅ ወዲያው ተቀመጥኩ።

«ቲቸር፣ ክቡርነታቸው ሰው አስጠይቀዋል። በየመንደሩ። ስንቱ እንደሚደግፍ ቢያዩ ደነገጡ። ነጋዴው ይደግፋል፣ ሆቴሎቹ ይደግፋሉ፣ የአሜሪካ ግዛቶች ሳይቀሩ ፈቅደዋል። ድሮ የሚደግፈው ራስታው ብቻ ነበር፤ አሁን ራስታውን ማን ጠየቀው።»

«እኔን ምን ያገባኛል?»

«ጃንዋሪ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ አለ። ከመድረክ የሚናገር ሰው ይፈልጋሉ። የማያጨስ፣ ክራባት የሚያስር፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ነጭ ሸሚዝ ማለት ነው። በዚህ ተራራ ከእርስዎ የነጣ የለም።»

«መግለጫውን የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ።»

«እሱማ ነው ቁም ነገሩ! ‹አስቤበት ተለወጥኩ› ሲሉ ሰው ያለቅሳል።»

እምቢ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዴንዚል ትዝ አለኝ። ሕጉ ቢወጣ ያለፈውም ትንሽ ትንሽ ጥፋት ከመዝገብ የሚፋቅበት መንገድ ይኖራል ይባላል። ለእሱ ስል ነው። «እሺ» አልኩ።

ጓዳ ሆና ከዘራዋን ሁለቴ ወለሉ ላይ መታች ኢኔዝ። አስተያየት ይሁን ድንገት፣ አላወቅኩም።

ጃንዋሪ 8

የሚገርም ነገር። ባለፈው ኦክቶበር ጋንጃን የተቃወመ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ዲያቆን ክላክስተን ሱቅ በር ላይ ቆሞ «ድሮም መድኃኒት ነው፣ የነጭ ሕግ ነው ያበላሸው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። የመግለጫው ደራሲ ማን እንደነበር የሚያስታውስ አልገጠመኝም። እኔም አላስታወስኳቸውም።

ያልተለወጡት ፓስተር ታሎክ ብቻ ናቸው። ስብሰባው ላይ እገኛለሁ ብለዋል። ያባርሩኛል። ይሁን፤ ዘግይቼም ቢሆን ዋጋ እከፍላለሁ። ይህን ሳስብ ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱ ግን አጠራጠረኝ።

ጃንዋሪ 17

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሟል። ክቡር ብሬስዌል ስለ ሥራ ዕድል፣ ስለ ቱሪስት፣ ስለ ሳይንስ ተናገሩ። ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ አዳራሽ «የመጨረሻዋን ሥር እስክንነቅል» ማለታቸውን የማስታውሰው እኔ ነኝ፤ ወንበር ያቀረብኩላቸው እኔ ስለነበርኩ።

ከዚያ እኔ።

ጥሩ ተናገርኩ። መደበቅ አልችልም፤ ጥሩ ነበር። አልጋ ሥር ስላሉት ጠርሙሶች ሳነሣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ አሮጊቶች እርስ በርስ በክርን ተጎሻሸሙ። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስለ አንድ ወጣት አወራሁ። ስሙን አልጠራሁም። የማያጨስ ወጣት፤ ለአንዲት አሮጊት ጉልበት ብሎ ቅጠል ይዞ የተያዘ፤ ለማን እንደሆነ ሲጠየቅ አፉን የያዘ፤ ካናዳ የቀረችበት። «አንድ ሰው» አልኩ፣ «አንድ ሰው አጠገቡ መቆም ነበረበት!»

ሕዝቡ ብድግ አለ። ሴቶች ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ጠረግኩ። የእውነት እንባ ነበር፤ ለማን እንደፈሰሰ ነው የማላውቀው።

ዴንዚል ኋላ በር ላይ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። ረጅም ስለሆነ ከሁሉም በላይ ይታያል። ፊቴን ወደ አዳራሹ ማራገቢያ አዞርኩ።

ኤልደር ናታን፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት ሽማግሌ ራስታ፣ መናገሪያውን ተቀበሉ። «እኛ ዕድሜ ልካችንን ስንለው ወንጀል ነበር» አሉ። «ጺማችንን በምላጭ እየላጩ አሰሩን። ዛሬ ቲቸር በክራባት ሲለው ፖሊሲ ሆነ። ይሁን፣ ይመስገን። ክራባቱን ግን ያውሱን።» ከሁሉም በላይ የተሳቀው ያኔ ነው። ብሬስዌልም ሳቁ፤ ሳቃቸው የተጀመረው ሌላው ሰው ሲጨርስ ነበር።

ፓስተሩ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው አንድም ቃል አልተናገሩም።

ኢኔዝ ቤት ስገባ ነቅታ ነበር። የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ በመስኮት በኩል እስከ ቤታችን ይሰማል። «‹አንድ ሰው› አልክ» አለችኝ። «ስም አለህ እኮ።»

ጃንዋሪ 18፣ እሑድ

ለመባረር ተዘጋጅቼ፣ አዲሱን ካልሲ አድርጌ ሄድኩ። ፓስተሩ በር ላይ እጄን ጨበጡኝ።

«ንግግርዎ ጥሩ ነበር። አልተስማማሁበትም» አሉ። ከዚያ እጄን ሳይለቁ፣ «ያ ያነሡት ወጣት ስሙ ማን ነበር?»

ያውቁታል። ለምን እንደጠየቁኝ አልገባኝም። «በአጠቃላይ ነው የተናገርኩት» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁና ቀጣዩን ሰው ጨበጡ።

አላባረሩኝም። ምናልባት የቤተ ክርስቲያኑን አመራር ውሳኔ እየጠበቁ ይሆናል። ምናልባት ፈርተውኝ ይሆናል፤ አሁን ሕዝቡ ከእኔ ጋር ነው።

ፌብሩዋሪ 25

ምክር ቤቱ አጸደቀው። ሚስ ፔትሮና ሱቋ በር ላይ ሙዚቃ ከፍታ፣ «የሕጉ አባት መጣ!» ብላ በሕዝብ ፊት አቀፈችኝ። ነጭ ረም በነጻ ቀመስኩ፤ ከእሷ ሱቅ በነጻ ሲጠጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። የሰው ትከሻ ላይ ሆኖ መንደሩን ማየት ደስ ይላል። ሚስ ቪዳ በዚያ በኩል ባዶ ቅርጫት ይዛ ስታልፍ አየሁ። ልታየኝ የምትፈልግ አልመሰለኝም። ወይም እኔ ነኝ።

ማርች 12

ሐሙስ። ማንም አልመጣም። ዴንዚል ሞንቴጎ ቤይ ሄዶ ሆቴል ይሠራል አሉ፤ የቀን ሥራ፣ ጠዋት ተመርጠው ማታ የሚበተኑበት። የካናዳዎቹ አውሮፕላን ተነሥቷል። በእሱ ካርድ የሄደው የብሬስዌል ሹፌር ወንድም ነው።

ስኳር ድንች ከገበያ ገዛን። ኢኔዝ ልጣ ቀቀለችው፤ በላነው። ጣዕሙ ምንም አላነሰም ነበር።

አፕሪል 16

ሕጉ ሥራ ላይ ዋለ። ቆርጬ ተነሣሁ።

የቀድሞ ጥፋት እንዲፋቅ ማመልከቻ አለ፤ የተከበረ ሰው ምስክርነትና የሰላም ዳኛ ማኅተም ይጠይቃል። ሁለቱም እኔ ነኝ። ማኅተሜን ኪሴ ከተትኩ። ሚስ ቪዳ ዘንድ ደርሼ ሁሉንም ልናገር ወሰንኩ፤ ቅጠሉ ወደ ማን ቤት ይመጣ እንደነበር፣ መኪናዋ ምንም እንዳልሆነች፣ ፓስተሩን ፈርቼ እንደቀረሁ። በመንገድ ላይ ቃል በቃል አጠናሁት። ኢኔዝ በር ድረስ ሸኘችኝ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከለችልኝ።

ሚስ ቪዳ ግቢ ውስጥ አተር ትፈለፍላለች። ወንበር ሰጠችኝ። ዛሬ እኔ ነኝ ያልተቀመጥኩት።

«ሚስ ቪዳ፣ ስለ ዴንዚል ማመልከቻ ነው የመጣሁት።»

«ተልኳል እኮ ቲቸር። ያለፈው ሳምንት።»

«ማን መሰከረለት?»

«ፓስተር ታሎክ። ማኅተሙንም እታች መንደር ወስደው አስመቱት። እርስዎን እንዳናስቸግር ብለው ነው።»

«ፓስተሩ?» አልኩ። «እሳቸው እኮ ሕጉን ይቃወማሉ።»

«ሕጉንማ አሁንም ይቃወማሉ» አለች። አተሩን መፈልፈል አላቋረጠችም። «ልጄን ነው የማይቃወሙት። ያኔ ችሎት ላይም የቆሙለት እሳቸው ናቸው። ብቻቸውን ስለሆኑ አልበቃም እንጂ።»

ያጠናሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። «ማንም አልነገረኝም» አልኩ።

«አልጠየቁኝማ፣ ቲቸር።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቁጣ አልነበረባትም። «ጠዋት በመጀመሪያው ታክሲ ነው አብረውን የወረዱት። ቅጠሉ የት ይሄድ እንደነበር ያውቁ ነበር፤ ሚስ ኢኔዝ እንዳይጠሩ ብለው ዝም አሉ። ቦታ ጠብቦ ሰው እየቆመ፣ እሳቸው ግን አጠገባቸው ያለውን ወንበር ‹የቲቸር ፒኖክ ነው፣ መንገድ ላይ ናቸው› እያሉ እስኪፈረድ ድረስ ማንንም አላስቀመጡበትም።»